ያለ ማስታገሻ መድኃኒት የሚያልፍ ምጥ፦ ከካፋ ዞን የጤና ባለሙያ የሚጠበቀው

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" የሚለው አባባል፣ "በተፈጥሮ መውለድ" በሚል ስም ከባሕር ማዶ የሚመጡ መጻሕፍትና ሥልጠናዎች በቦንጋ ወይም በዋቻ ለምትገኝ እናት ቢነበቡላት ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያለ ማስታገሻ መድኃኒት መውለድ ሴቲቱ በእርግዝናዋ ወራት አስባበትና ተዘጋጅታበት የምትመርጠው መንገድ ነው፤ በምጡ መካከል ሐሳቧን ብትለውጥ ኤፒዱራል የሚሰጣት ባለሙያ እዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ። በካፋ ዞን በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና፣ በአዲዮ ወይም በገሻ ወረዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምትወልድ እናት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አይቀርብላትም። ያለ መድኃኒት የምትወልደው ሌላ ስለሌለ ነው።

ልዩነቱ በስያሜ ብቻ የሚቀር አይደለም። ያለ መድኃኒት ለመውለድ የመረጠች ሴት በመድኃኒቱ ምትክ ብዙ ነገር ይቀርብላታል፦ ከጎኗ የማይለይ ሰው፣ እንደ ልቧ የምትንቀሳቀስበት ክፍል፣ ሙቅ ውኃ፣ ወገቧን የሚያሽ እጅ፣ እየሆነ ያለውን የሚያስረዳት ድምፅ። ምርጫ የሌላት ደግሞ መድኃኒቱም ምትኩም የማይደርሳት ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒቱን ለማድረስ የበጀት፣ የሰው ኃይልና የአቅርቦት ጉዳይ መፈታት አለበት። ምትኩ ግን በአብዛኛው በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ በቆመው ባለሙያ እጅ ያለ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም እርሱ ነው።

ስለ ምጥ ህመም የተወረሰ አስተሳሰብ

አማርኛ ነገሩን ከጥንት ጀምሮ በስሙ ይጠራዋል። "ምጥ" የመውለጃ ሰዓት መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የጭንቅ ሁሉ መለኪያ ነው። የወለደችው "ተገላገለች" ትባላለች፤ መገላገል ደግሞ የተያያዙ ጠበኞችን ማላቀቅም ነው። ለጥየቃ የመጣ ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲል፣ ሴቲቱ ከሞት አፋፍ መመለሷን እየመሰከረ ነው። እንግዲህ "የገጠር ሴት ምጥ ለምዳለች፣ አይሰማትም" የሚለው በየማዋለጃ ክፍሉ አልፎ አልፎ የሚሰማ አነጋገር ከየትም ይምጣ፣ ከቋንቋው አልመጣም።

የአነጋገሩ አንዱ ምንጭ ራሱ ዘመናዊው ሕክምና ነው። እስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ኤተርንና ክሎሮፎርምን ለምጥ ከተጠቀመ በኋላ፣ ንግሥት ቪክቶሪያም እ.ኤ.አ. በ1853 በጆን ስኖው እጅ ክሎሮፎርም ከወሰደች በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም ምጥን በመድኃኒት ማለፍ እየተስፋፋ ሄደ። ይህን የተቃወመው እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 በተፈጥሮ ስለ መውለድ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ፍርሃት ጡንቻን ያወጥራል፣ የተወጠረ ጡንቻ ህመምን ያብሳል፣ ህመሙም ፍርሃቱን መልሶ ይጨምራል የሚለው የዲክ-ሪድ ትንታኔ እስከ ዛሬ ጥቅም ይሰጣል። ከዚሁ ጋር ግን "ሥልጣኔ ያልነካቸው" የሚላቸው ሴቶች በቀላሉና ያለ ህመም ይወልዳሉ የሚል አስተሳሰብ አብሮ አስፋፋ። ሴቶቹን የጠየቀ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝም እ.ኤ.አ. በ1951 ከሶቪየት ኅብረት ይዞት በተመለሰው ዘዴ የአተነፋፈስና የዝግጅት ትምህርትን አስፋፋ።

የኢትዮጵያ እናቶች ያለ እርዳታ የሚያልፈው ምጥ ምን ያህል ርኅሩኅ እንደሆነ በአካላቸው መስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የከፈቱት፣ ለቀናት በቆየ ምጥ ልጃቸውንም ሽንታቸውን የመቆጣጠር አቅማቸውንም ያጡ ሴቶችን ለማከም ነበር። የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ ማዕከል በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በመቱ መከፈቱም የችግሩን ስፋት ያመለክታል። ስለዚህ በካፋ ስለ ተፈጥሯዊ ወሊድ የሚናገር ባለሙያ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ ይኖርበታል። አብዛኛው ምጥ ያለ መድኃኒትና ያለ ቀዶ ሕክምና በሰላም ያልቃል፤ የትኛው ምጥ በሰላም እንደሚያልቅ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ህመሙ ከየት ይመጣል

በምጥ የመጀመሪያ ደረጃ ህመሙ የሚመነጨው ከማህፀኑ መኮማተርና ከማህፀን በር መሳሳትና መከፈት ነው። መልእክቱ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገባው ከአሥረኛው የደረት ነርቭ እስከ መጀመሪያው የወገብ ነርቭ ባለው ክልል ስለሆነ፣ እናቲቱ ህመሙን በአንድ ቦታ ለይታ ማሳየት ያስቸግራታል፤ ከእምብርት በታች፣ ወገቧን፣ አንዳንዴም ጭኗን ትነካለች። በሁለተኛው ደረጃ የሕፃኑ ጭንቅላት የብልትን መተላለፊያና ፔሪኒየምን ሲለጥጥ ህመሙ በፑደንዳል ነርቭ በኩል ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የሳክራል ነርቭ ይጓዛል፤ ስለታምና ቦታው የታወቀ ይሆናል።

ይህ የሰውነት አሠራር ለሥራው ትርጉም አለው። ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት የበር ቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የመዳሰስና የመታሸት መልእክት በሕብለ ሰረሰር ደረጃ የህመምን መልእክት ሊያዳክም ይችላል። ወገብን በመዳፍ ጫን አድርጎ ማሸት የልማድ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። በሌላ በኩል የደነገጠች፣ የተቆጧት ወይም ብቻዋን የተተወች እናት ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፤ አድሬናሊን ደግሞ የማህፀኑን መኮማተር ሊያዳክምና ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ይችላል። በቁጣ "ግፊ!" የተባለች እናት ምጧ ሊዘገይ መቻሉ፣ ከሥነ ምግባሩ ጥያቄ ባሻገር የፊዚዮሎጂ ጉዳይ ነው።

ከቤት ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ የሚቀረው

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2005 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 10 በመቶ፣ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የታየ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶችና በብዛት የሠለጠኑ አዋላጆች ያመጡት። ነገር ግን በ2011ዱ ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 በመቶው አያስፈልግም፣ 30 በመቶው ደግሞ ልማዳችን አይደለም ብለው መመለሳቸው ዛሬም ሊታሰብበት ይገባል። "አያስፈልግም" ብዙውን ጊዜ እንደ ዕውቀት ማነስ ይተረጎማል። በከፊል ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚያ መልስ በስተጀርባ እናቲቱ በቤቷ ያላትና በተቋሙ የማታገኘው ነገር መኖሩንም ማየት ደግ ነው።

በገጠር ቤት ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትሆንም። እናቷ ወይም አማቷ፣ ጎረቤትና የልምድ አዋላጅ ይከቧታል። ትነሣለች፣ ትንበረከካለች፣ ትቆማለች፣ ከኋላዋ የደገፋት ሰው አለ። እሳት ይነዳል፤ ቡና ይፈላል። እንደ እምነቷ ማርያምን ወይም ፈጣሪዋን ትጠራለች፤ የሚሰሟት አብረው ይጠራሉ። በእርግጥ በዚያው ቤት ሆድን በኃይል ማሸት፣ ገና ያልደረሰን ምጥ አስገድዶ ማስገፋት፣ ደም ሲፈስ ደግሞ ያለ መፍትሔ መጠበቅ አሉ፤ የምትሞተውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ኦክሲቶሲን፣ ንጹሕ እጅ፣ ለሕፃኑ መተንፈሻ የሚሆን አምቡ ባግና ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መንገድ ታገኛለች። ልውውጡ ለእርሷ የሚጠቅም ነው። ግን ሰዎቿ በር ላይ "አስታማሚ ውጭ ይቆይ" ከተባሉ፣ እርሷ ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ከተኛች፣ ውኃ ከተከለከለችና የምትጮኸውም በማታውቀው ቋንቋ ከሚናገር ሰው ፊት ከሆነ፣ በቤቷ የነበራት ማስታገሻ ሁሉ ከበሩ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። በምትኩ የተሰጣት ማስታገሻ የለም።

በካፋ አንድ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። የዞኑ አብዛኛው ገጠር ነዋሪ ካፊኖኖ ተናጋሪ ሲሆን፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ባለሙያ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ህመም ሲበረታ ሰው የሚመለሰው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። "የት ያምሻል? መቼ ጀመረ? በመሀል ይተውሻል? አሁን አትግፊ፣ ተንፍሺ" የሚሉትን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ከአካባቢው ተወላጅ ባልደረባ በካፊኖኖ ተምሮ በማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ለመናገር የሚከብድ ነው። የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት በካፋ ውስጥ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ ከመቅረብና ወደ ሌላው ቤት ከመግባት ሲገለሉ መኖራቸው በጥናቶች ተመዝግቧል። ንቀትን የለመደች ሴት በምጥ ሰዓት ውኃ አትጠይቅም፤ አትጮህም፤ ባለሙያውን ደግማ አትጠራም። ዝምታዋን "ጠንካራ ናት" ብሎ መተርጎም አደገኛ ስሕተት ነው። ለሁሉም የሚቀርበው ኩባያ፣ አልጋና አጠራር ለእርሷም አንድ ዓይነት መሆኑን ሌሎች ተገልጋዮች እያዩ ማድረግ፣ በአካባቢው ከሚሰጡ ማስታገሻዎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ምጥና ወሊድ እንክብካቤ ያወጣው መመሪያ 56 ምክረ ሐሳቦችን ይዟል። ጤነኛ የሆነችና ማስታገሻ የምትፈልግ እናት እንደ ምርጫዋ ኤፒዱራል ወይም ኦፒዮይድ እንዲሰጣት ይመክራል፤ በእኩል ደረጃም የማዝናኛ ዘዴዎችን፣ ማለትም ጡንቻን ማፍታታት፣ አተነፋፈስና ሙዚቃን፣ እንዲሁም ማሸትንና ሙቅ ጨርቅን ይመክራል። የመረጠችው አጃቢ በምጥና በወሊድ ሁሉ አብራት እንድትቆይ፣ እንድትንቀሳቀስና ቀጥ ባለ አቋቋም እንድትሆን፣ አደጋ የሌለባት እናት እንድትጠጣና እንድትበላ ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የአጃቢ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ሴቶችን አካቶ፣ ሳይቋረጥ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በማህፀን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድና ማስታገሻ መድኃኒት የመውሰድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ፣ ምጣቸውም በአማካይ ወደ 40 ደቂቃ ያህል እንደሚያጥር አሳይቷል። ይህን ውጤት የሚሰጥ ኪኒን ቢኖር ኖሮ በየመጋዘኑ አለቀ ተብሎ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር። ለካፋ እናት ግን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች።

አስታማሚ የማይገባበት ምክንያት በአብዛኛው የክፍሉ ጥበትና የሌሎች እናቶች ገመና ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ መፍትሔውም መጋረጃ ነው። ሦስት አልጋ ባለበት ክፍል በገመድ የተወጠረ አቡጀዲ ሦስት ክፍል ይፈጥራል። የምትገባው አንዲት ሴት እንደምትሆን፣ እጇን እንደምትታጠብ፣ ከእናቲቱ ራስጌ እንደምትቆምና በማዋለዱ ሥራ እጇን እንደማታስገባ በትሕትና መንገር ይበቃል። "እማማ፣ እዚህ ራሷጌ ይሁኑልን፤ ወገቧን እንዲህ ይሹላት፤ ውኃ በየጊዜው ያጎንጯት" የተባለች አማት ሥራ ተሰጥቷታል፤ ሥራ የተሰጠው ሰው አይረብሽም። የልምድ አዋላጅ ሆና የኖረች አሮጊት ከሆነች ደግሞ በር ላይ ከማስቀረት እንዲህ አክብሮ ማስገባት ለሚቀጥለው ዓመት ምጥም ይጠቅማል፤ የመንደሩ ሴቶች ወዴት እንደሚሄዱ የምትመክረው እርሷ ናትና።

የሰውነት አቋም ቀጥሎ ይመጣል። በጀርባ መተኛት ከባዱ ማህፀን ትላልቆቹን የደም ሥሮች እንዲጫን ያደርጋል፤ የእናቲቱ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ መቆምና መንቀሳቀስ ምጡን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያሳጥር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ የኮክሬን ግምገማ ያመለክታል። መራመድ የደከማት በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ወይም ወንበር ላይ ፊቷን ወደ መደገፊያው አዙራ ትቀመጥ። ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ለመውለድ የምትፈልግ እናት የምትጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳው አልጋው ነው። ወለሉ ላይ ንጹሕ ፍራሽና ፕላስቲክ ዘርግቶ ባለሙያው ዝቅ ብሎ መሥራት ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቀጥ ብሎ ሲወለድ የፔሪኒየም ቅድ በመቀስ የማስፈለጉ ዕድል ቢቀንስም፣ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የመፍሰስ ዕድል በጥቂቱ ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ሕፃኑ ከመውጣቱ በፊት ተቀድቶ ይጠብቅ፤ በማህፀኑ ሌላ ፅንስ አለመኖሩ እንደተረጋገጠ በጡንቻ ይሰጥ።

ስለ ምግብና መጠጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል የሚል ምልክት ከሌለ ሻይ፣ አጥሚት፣ ቀጭን ቡና በስኳር መከልከል ድካምን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

አተነፋፈስን በሚመለከት፣ ምጡ በሚመጣበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ በአጭሩ የምትተነፍስ እናት ራሷ ይዞራል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ በደሟ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ወደ ማህፀኑ የሚሄደው ደምም ሊቀንስ ይችላል። "አይዞሽ እህቴ፣ ከእኔ ጋር፣ በረጅሙ አስወጪው" እያሉ አብሮ መተንፈስ የሠለጠነ መምህር አይጠይቅም። በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ የማህፀን በሯ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈትና የመግፋት ስሜቷ ሳይመጣ ማስገፋት አይገባም፤ ስሜቷ ሲመጣ ራሷን ትከተል። ሆዷን ከላይ መጫን በመመሪያው አይመከርም፤ ሁሉንም እናት በልማድ በመቀስ መቅደድም እንዲሁ። በፔሪኒየም ላይ በሙቅ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማድረግ ህመምን ያቀላል፣ ከባድ መቀደድንም ይቀንሳል፤ ውኃው ቡና በሚፈላበት ምድጃ ሊሞቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ "ቢደረግ ጥሩ ነው" ከሚባለው ወገን ተደርጎ እንዳይቆጠር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ቁርጥ ያለ አቋም ወስዷል። ቀድሞ ከነበረው ፓርቶግራፍ በተለየ፣ በቅጹ ላይ አጃቢ፣ የህመም ማስታገሻ፣ የሚጠጣ ነገርና የሰውነት አቋም የየራሳቸው መስመር አላቸው። ማስታገሻው በመድኃኒትም ያለ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። አጃቢ የለም፣ ማስታገሻ አልተሰጠም፣ አልጠጣችም ወይም በጀርባዋ ተኝታለች ተብሎ ከተሞላ፣ ልክ የፅንሱ የልብ ትርታ ሲዛባ እንደሚደረገው ባለሙያው አክብቦ እርምጃ እንዲወስድ ይጠበቃል።

"ተፈጥሮ ነው" የማይባል ህመም

በማዋለጃ ክፍል የሚደርሰው ህመም ሁሉ የምጥ ህመም አይደለም። ከወሊድ በኋላ ያለ ማደንዘዣ መስፋት ተፈጥሮ የጫነችው ሳይሆን ባለሙያው የጨመረው ህመም ነው። "ሁለት መርፌ ብቻ ነው፣ ቻይው" የምትባለው ሴት ምጧን ረስታ ስፌቱን የምታስታውስ ከሆነ አያስደንቅም። 0.5 በመቶ የሆነ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሊዶኬይን፣ መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱ እየተረጋገጠ ከተሰጠ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በፎርሴፕስ ቆንጠጥ አድርጎ መፈተሽ፣ ከተሰማት ሌላ ሁለት ደቂቃ መጨመር። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው አራቱ ደቂቃ ነው። የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣትም ያለ ማስታገሻ የሚደረግ ሥራ አይደለም።

ፔቲዲን በሚገኝበት ሆስፒታል ለጠየቀች እናት "ተፈጥሮ ነው" ብሎ መከልከልም ከዚሁ አይለይም። መድኃኒቱ እናቲቱን ሊያስመልሳትና ሊያፈዛት፣ ወደ ፅንሱም ተሻግሮ የአዲስ የተወለደውን ሕፃን አተነፋፈስ ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሰዓቱ ተጠንቶ፣ ሕፃኑን ለማስተንፈስ የሚችል ባለሙያና ዕቃ ተዘጋጅቶ ይሰጣል። ይህ ለእናቲቱ ተነግሯት የምትወስነው ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ቦታ በቅርብ ስለሚገኝ ብቻ በምጥ ላይ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ግን መወገድ አለበት፤ የዚህ ወገን መድኃኒቶች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የፅንሱን ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ያለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አደጋ የሚናገረውን ህመም በምጥ ህመም ማለፍ ነው። ጤናማ ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሀል ማህፀኑ ይላላል፣ እናቲቱም ታርፋለች። በመሀል የማያርፍ ህመም፣ እንደ እንጨት የጠጠረ ሆድ፣ ደም ቢታይም ባይታይም፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅን ያሳስባል። ለረጅም ሰዓት አምጣ በድንገት ምጧ የቆመ፣ የልብ ትርታዋ የፈጠነና የፅንሱ አካል ከሆድ ቆዳ ሥር በቀላሉ የሚዳሰስባት እናት ማህፀኗ ሳይተረተር አልቀረም፤ "እፎይ አለች" ተብላ እንድትተኛ የምትተው እናት ይህች ናት። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከእምብርት በላይ የሚሰማ ህመም ደግሞ የደም ግፊት መለኪያውንና ማግኒዚየም ሰልፌቱን የሚጠራ ነው። የጩኸት መጠን ከእነዚህ አንዱንም አይለይም። የሚለየው በሆድ ላይ የተቀመጠ እጅ፣ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ በየ5 ደቂቃው የሚደመጥ የፅንስ ልብ ነው።

መንገዱና ማቆያው

በአሁኑ መመሪያ የምጡ ንቁ ደረጃ የሚጀምረው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለተከታዮቹ ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ግን ከእናት እናት ይለያያል፤ በሌላ አገር "ገና ነሽ፣ ቤትሽ ሆነሽ ቆይ" ይባላል። በካፋ ከጫካው ማዶ፣ በዝናብ የላቆጠ መንገድ በሰው ሸክም ተሻግራ ለመጣች እናት ይህ ምክር አይሠራም። አልጋ አስይዞ ማቆየቱም ጉዳት አለው፤ ገና በማለዳው ምጥ የተኛች እናት ደክማና ፈርታ ወደ ንቁው ደረጃ ትደርሳለች፤ ያለ በቂ ምክንያት ኦክሲቶሲን ሊንጠለጠልላትም ይችላል።

ለዚህ ክፍተት የተሠራው የእናቶች ማቆያ ነው። በኢትዮጵያ ቀደምቱ በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው ሲሆን፣ በኋላ በጤና ጣቢያዎች ደረጃ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። ማቆያው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከመንገድ ርቀት አንጻር ብቻ ነው። ሆኖም ምጥን ያለ መድኃኒት ለማለፍ ከዚህ የተሻለ የዝግጅት ቦታ በዞኑ አይገኝም። እናቲቱ በማቆያው ሳለች አዋላጇን በስም ታውቃለች፤ ማዋለጃ ክፍሉን አስቀድማ ታያለች፤ አብራት የምትገባውን ሰው ትመርጣለች፤ በረጅሙ መተንፈስንና የአቋም ዓይነቶችን ከሌሎች እናቶች ጋር እየሳቀች ትለማመዳለች። ምጧ ሲጀምርም በግቢው እየተንጎራደደች፣ ከጓደኞቿ ጋር ቡና እየጠጣች ወደ ንቁው ደረጃ ልትደርስ ትችላለች። የምግቡ ጉዳይ ካልተፈታ ግን ማቆያው ባዶውን ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ምጡ ከታሰበው ሰዓት አልፎ ወደ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ሲያስፈልግ፣ አምቡላንሱ ውስጥም ማስታገሻው አብሮ ይሂድ። እናቲቱ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ያቺው ወገቧን ስታሽ የነበረችው ሴት ከጎኗ ተቀምጣ፣ ለምን እንደምትላክ በምትሰማው ቋንቋ ተነግሯት መሆን አለበት። ሪፈር መባሏን እንደ ሽንፈት የምትቆጥር እናት ብዙ ናት። "በተፈጥሮ መውለድ" እንደ ጀግንነት ሲሰበክ ደግሞ ይህ ስሜት ይብሳል።

በሰላም የተገላገለችው እናት ገንፎዋ ሲገነፋ፣ በእንሰት አገር የቡላ ገንፎ ሲቀርብላት፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ብዙ የወለደች እናት ግን ሕፃኗን ጡት ባስያዘች ቁጥር ማህፀኗ እንደገና ሲኮማተር ከባድ ቁርጠት ይሰማታል፤ አንዳንዷ ከምጡ ይብሳል ትላለች። ስትጠየቅ ካልሆነ አትናገረውም። ለፔሪኒየም ህመም ፓራሲታሞል፣ ለማህፀኑ ቁርጠት ደግሞ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት፣ የሚከለክል ሕመም ከሌለባት፣ በዚህ ሰዓት ይሰጣል። በምጥ ላይ የተከለከለው ያው የመድኃኒት ወገን ቦታው እዚህ ነው።